አስኳልና አስኳላ

ደብረ ታቦር
ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ከመያዙ በቀር ሌላ የለኝም። ለወገቤ ብለሽ የላክሽው ቅባት ሽታው ስላስጠላኝ ለጎረቤታችን ለዘሀራ ሰጥቻታለሁ፤ ሹራቡንም እሷው ለብሳዋለች። ፎቶግራፍሽን ግን አልሰጠሁም፤ ሳጥን ውስጥ አለ። ወፍረሻል። በረዶ ላይ ቆመሽ ስትስቂ አባትሽን ቁርጥ አድርገሽ መሰልሽብኝና ሳጥኑን ወዲያው ዘጋሁት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የዘሀራ ልጅ ዑመር፣ አባቱ ሞቶበት ለሐዘን መጥቶ ነበር፤ ወደዚያው ወደ ሞስኮ ሲመለስ በእጁ ይዞልኛል። በፖስታ የሚሄደውን ከአንቺ ቀድሞ የሚያነበው ሰው አለ፤ የዛሬውን ከአንቺ በፊት ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ስጽፈው አምስት ቀን ሆነኝ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ። አባትሽ የአገሩን ልጅ ሁሉ ሲያስተምር ኖሮ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት እሱ ከሞተ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሐምሌ ፈቃድ እንደተሰጠሽና ልምጣ ወይ ብለሽ እንደጠየቅሽኝ አንብቤአለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ አስራ ሁለተኛው ደብዳቤሽ ነው። በሁሉም ላይ የምትዪኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ አባባን በአፌ አስገደልኩት፣ ይቅር በይኝ»። እኔም አስራ አንዱን መልሻለሁ። ስለ ዝናቡ ጽፌልሻለሁ፣ ስለ ዘሀራ እግር ጽፌልሻለሁ፣ አጎትሽ ወርቁ ሁለተኛ ሚስት ስለማግባቱም ጽፌልሻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ግን አንድም ቦታ ላይ የለም። አስተውለሽው ይሆናል፤ አስቤበት ነው የተውኩት።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ሥራ ይዣለሁ። አባትሽ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አስኳላው እንደቆመ ነው፤ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ቆርቆሮ ነፋስ ከመውሰዱ በቀር አንድ ድንጋይ አልወደቀም። አባትሽ የቆመበትን ክፍል በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ። አዲሱ የፊዚክስ መምህር ድምፁ ጎላ ያለ ነው። በእንግሊዝኛ ይጀምርና ልጆቹ አልገባቸው ሲለው በአማርኛ ይመልሰዋል፤ እሱ ወዳለበት ስደርስ ቀስ ብዬ እጠርጋለሁ። ያልገባኝን ከአባትሽ ደብተር አያለሁ። አዎ፣ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ስትሄጂ ጣራው ሥር ሸጉጠሽው ነበር፤ የማላገኘው መሰለሽ።

አባትሽ ስለምን እንደሞተ ማወቅ ፈለግሁ። አንቺ ሩሲያ ድረስ ሄደሽ የምትማሪውን እኔ መጥረጊያ ተደግፌ ተምሬዋለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ነገር ሁሉ ከአቶም ነው የተሠራው። የአቶም መሐሉ አስኳል ይባላል። አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ታጭቀዋል። ለነገሩ ስም የሚያወጣለት የፕሮቶኑ ቁጥር ነው፤ ሰማንያ ስምንት ከሆነ ራዲየም ነው፣ ሰማንያ ስድስት ከሆነ ራዶን ነው። ታጭቀው መኖር የማይሆንላቸው አስኳሎች አሉ። እነዚህ አንድ ቀን ማንም ሳይነካቸው ከራሳቸው ላይ ቆርሰው ይወረውራሉ። ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ ሲወረውር አልፋ ይሉታል። ያኔ ራዲየም የነበረው ራዶን ይሆናል፤ ብረት የነበረው እንደ አየር ይበናል። ቤታ የሚሉት ደግሞ የሚወረውረው ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ውስጥ ከነበሩት ኒውትሮኖች አንዱ ፕሮቶን ሆኖ ይገኛል፣ በዚህም ስሙ ይለወጣል። ጋማ ጉልበት ብቻ ነው፤ ከወጣም በኋላ ስሙ እንደነበረ ይቆያል። ብታነዱት፣ ብታቀዘቅዙት፣ ብትቀጠቅጡት አታፈጥኑትም፣ አታዘገዩትም ይላል ደብተሩ። የትኛው ዛሬ እንደሚፈርስ፣ የትኛው ሺህ ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ ግማሹ እንደሚሄድ ነው፤ ያንኑ ያህል ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ የቀረው ግማሽ። ግማሽ ዕድሜ ብሎታል አባትሽ። እኔ ሰባት ዓመት ጠብቄ ግማሹ እንኳ አልሄደልኝም።

ስም መለወጥን እኔና አንቺ እናውቀዋለን። ማሬ ሞላ ነበርሽ። በሞላ ስም ሩሲያ እንደማትሄጂ ሲገባኝ ወንድሜ ወርቁ አባቷ እኔ ነኝ ብሎ እንዲፈርም አደረግሁት። አንቺም ቅጹን አንድ ጊዜ ቀና ሳትዪ ሞላሽው፤ አጠገብሽ ቆሜ አይቼሻለሁ። አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሞላ የሚባል ሰው ልጅ አልወለደም። በደብተሩ ላይ የሚፈርሰው «ወላጅ»፣ ከፈረሰ በኋላ የሚገኘው «ልጅ» ተብሏል። አዲሱ መምህር፣ እንግሊዝኛው ልጅ ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅ ነው የሚለው ብሎ ተማሪዎቹን ሲያስቅ ሰማሁት። እኔ አልሳቅሁም። ወላጁ ከልጁ ጎን ቆሞ እኮ አይታይም፤ ልጅቱ ስትገኝ ወላጁ የለም።

ልጅቱም ብዙ ጊዜ አትረጋም፣ እሷም ትፈርሳለች፣ የልጅ ልጇም ይፈርሳል። የዩራኒየም ዘር በመጨረሻ እርሳስ ሲሆን ያርፋል ይላል። መጻፊያው እርሳስ መስሎኝ አዲሱን መምህር ጠየቅሁት። «አይደለም እማማ፣ ጥይት የሚሠራበት ነው» አለኝ። አባትሽም እዚያው ነው ያረፈው።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልመልስሽ፤ በአስራ ሁለቱም ደብዳቤ ወደዚያ ሳምንት ስትመላለሺ ኖረሻል፣ አብረን እንሂድ።

ጥር 1970። ቀበሌው በየቅዳሜው የውይይት ክበብ ነበረው፤ መምህራን ተራ በተራ ለሰፊው ሕዝብ በቋንቋው ሳይንስ ያስተምሩ ተብሎ ታዘዘ። የአባትሽ ተራ ሲደርስ ስለ አቶም አስተምራለሁ አለ። ማክሰኞም ረቡዕም ከትምህርት ቤት መልስ ቤታችን ዋናው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲለማመድ አንቺ ደብተሩን ይዘሽ ታርሚው ነበር። ትስቁ ነበር። እኔ ማድ ቤት ሆኜ እንጨት እቆሰቁሳለሁ። አንዴ ምን ያስቃችኋል ብዬ ብመጣ አባትሽ «ተዪው ውዴ፣ ይህ አይገባሽም» አለኝ። አንቺም አቀርቅረሽ ሳቅሽ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርሽ፣ አስራ አምስት ዓመትሽ፤ ሳቅሽን ዛሬም እሰማዋለሁ።

በደብተሩ ላይ አባትሽ መጀመሪያ የጻፈው «አስኳሉ ይበሰብሳል» ብሎ ነው። ይበሰብሳል የሚለው ተሰርዞ ከላይ «ይፈርሳል» ተብሏል። ስረዛውም ጽሑፉም በአንቺ እጅ ነው። አየሽ፣ ይህንን ልትረሽው ትችያለሽ፣ ደብተሩ ግን አይረሳም።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ እንጨት እየተንጣጣበት ጓዳ ሆኖ ሲሰማ፣ አስኳል የሚለውን የሚያውቀው ከእንቁላል ነው። የእንቁላል አስኳል ደግሞ ይፈሳል እንጂ ይፈርሳል አይባልም። በእኛ አገር የሚፈርሰው ቤት ነው፣ የሚፈርሰው ካብ ነው። አስኳላ ደግሞ ልጁን በየጠዋቱ የሚልክበት ትልቁ የድንጋይ ቤት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከግድግዳ ማዶ «አስኳላው ይፈርሳል፤ እሳት አያስፈልገውም፣ ማንም አይነካውም፣ መቼ እንደሚፈርስም ማንም አስቀድሞ አያውቅም» ሲባል ቢሰማ ምን ይበል? በዚያ ዓመት በየከተማው ፈንጂ ይወራ ነበር። ልጁስ እዚያ ቤት ውስጥ ብትሆን?

ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽን አስታወስሽ? ግንባርሽ ይሞቃል ብዬ አስተኛሁሽ። ምንም አልሞቀሽም ነበር። ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ የሴቶች ማኅበሯ ጓድ አሰለፈች ከኋላዬ ነበረች።

«ማሬ ምነው ዛሬ አልሄደች? አሟት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት።

«ደህና ከሆነች ታዲያ ስለምን አስቀረሻት እቴ?»

ስኳሩን ሳንወስድ ሁለታችንም ከሰልፉ ወጣን።

ቅዳሜ ጠዋት አባትሽ እንቁላል ስጪኝ አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ አይገባሽም እንዳይለኝ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ፣ አንቺ ፊት ወንበር ላይ ደብተር ይዘሽ፣ አባትሽ ኮቱን ቆልፎ ወደ መድረኩ ወጣ። ከኪሱ እንቁላሏን አወጣና በሸክላ ሰሃን ላይ ሰበራት። ሰሃኑን ከፍ አድርጎ «ወገኖቼ፣ ይህ ቢጫው አስኳል ይባላል፤ አቶምም መሐሉ ላይ አስኳል አለው» አለ። ከዚያ ብዙ አልቆየም። «አስኳሉ ይፈርሳል» ከማለቱ ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ፤ በር ላይ የነበሩት አብዮት ጠባቂዎችም ገቡ። የሚጠብቁት ይህንኑ ቃል ነበር። አባትሽ ሰሃኑን እንደያዘ «ምን አጠፋሁ?» አለ። ሰሃኑን ተቀብለው መሬት አስቀመጡት፣ አስኳሉም ፈሰሰ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ነበር። ቆይ፣ ሰውዬው የሚለው ስለ እንቁላል ነው፣ ስለ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ሰምቶ ያወራ ሰው ተሳስቷል ብሎ የተነሣ አንድም የለም። እኔም አልተነሣሁም። እንቁላሏ ስትሰበር ግን ገብቶኝ ነበር። አይገባሽም ይለኝ የነበረው ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ ገብቶኝም ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ።

ሰኞ አንቺን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠሩሽ። አባትሽ ምን ብሎ ያስተምር እንደነበር ጠየቁሽ፣ አንቺም ያለውን ነገርሻቸው፣ ጻፉት፣ ፈረምሽ። እያለቀስሽ ስትመጪ በር ላይ ተቀብዬ «አባትሽን አፍሽ በላው» አልኩሽ። ይህን ቃል በአስራ ሁለቱም ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ማን እንዳስተማረሽ ግን አንድም ጊዜ አልጻፍሽም። ከእናቷ አፍ የወጣ ስለሆነ እውነት ነው ብለሽ ይሆናል።

ዘንድሮ ከሁዳዴ በፊት አቶ ጌጡ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ መጡ። ያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ የነበሩት ናቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፊታቸው ቢጫ ሆኖ፣ በሽታው እንደማይምራቸው ያስታውቃሉ። የነፍስ አባታቸው ያለብህን አራግፍ ብለዋቸዋል።

ስሜን ጠርተው «ውዴ፣ በሞላ ላይ የሄደው ወረቀት ሁለት ነው» አሉኝ፤ የማላውቀው ይመስል።

መጥረጊያዬን አጥሩ ላይ አስደገፍሁ።

«የልጅቱን ወረቀት እኔ ነኝ የጻፍኩት። አስኳሉ ነው ያለችው፤ ፊደሉን ሳይቀር ቆጥራ አጻፈችኝ፣ ፈረመችበት። እሱ ወረቀት ማንንም አያስገድልም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአሰለፈች ጋር የመጣው ሰው ያስጻፈኝ ግን አስኳላው ይላል። በሁለት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ ፊርማ ስለማይችል በሁለቱም ላይ ጣቱ አረፈበት። አንዱ ጎንደር ሄደ። አንዱ እኔ ቤት አለ።»

«ታዲያ ለኔ ምን ልሁን ብለው ነው የሚነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ላንቺ አይደለም። ልጅቱ በክረምት ትመጣለች ሲባል ሰምቻለሁ። ወረቀቱን ለሷ ሰጥቼ ነው የምሞት።»

ወርቁ ነው ያወራው፤ አፉ አያርፍም። «ይተዉት አቶ ጌጡ፤ እኔ እጽፍላታለሁ» አልኳቸው። እስቲ እናያለን ብለው ሄዱ። ሦስት ወር ሙሉ አልጻፍኩም። ሲሞቱ ያበቃል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልሞቱም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ አምስቱን ቀን የፈጀብኝም ይኸው ነው።

አባትሽ ቀበሌ በታሰረ በስምንተኛው ቀን ምሳውን ይዤ ስሄድ ዘበኛው በቆርቆሮው ቀዳዳ እንድናወራ ፈቀደልን። ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«አስኳላው ይፈርሳል ብሏል ብለው አነበቡብኝ። ማን ነው እንዲህ ያስጻፈው?» አለኝ።

«ልጅህ ናት» አልኩት።

«ማሬ?»

«ማሬ።»

ከዚያ «ማሬ አስኳልና አስኳላ አይምታቱባትም» አለኝ። ይህን ብሎ በቀዳዳው አየኝ። አስራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝና «ለሷ ስጫት» አለ። የዚያን ቀን ምሳ የበላሽው የእሱን ነው፤ ዛሬ ወጡ ጥሟል ብለሽኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ቀን ሙሉ አመላለስኩ፣ አንድም ጊዜ ከእጄ አልቀመሰም። ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ይበላ ነበር አሉ። በአስራ ዘጠነኛው ቀን ዘበኛው ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ አለኝና ኮቱን ሰጠኝ።

አባትሽ ስለ አንቺ ያለው ይኸው ነው። የአንቺ ነበር፣ ሰባት ዓመት እኔ ጋ ቆየ። ሳትሄጂ ብሰጥሽ ኖሮ እዚያ በረዶ ላይ ሆነሽ አስራ ሁለት ጊዜ አታለቅሺም ነበር። እንድታለቅሺ ፈለግሁ። ሁለታችሁ ስትስቁ እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ስታለቅሺ ግን ሁለታችን ነበርን። ይፈርሳል የሚለውን ቃል ያገባሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ይበሰብሳል ብሎት ቢሆን ዛሬ በሕይወት ነበር። እሱን ከአንቺ ላይ አላነሳልሽም፤ ከእኔም ላይ የሚያነሳልኝ የለም።

ልምጣ ላልሽው ከእኔ ፈቃድ አትጠብቂ። ከመጣሽ መጀመሪያ አቶ ጌጡ ቤት ሂጂ፤ ከገበያው በላይ ከቅዱሱ ዋርካ አጠገብ ነው። ማደሪያሽ ወርቁ ቤት ነው፤ በወረቀት አባትሽ ነው፣ አይከለክልሽም። እኔን ማየት ከፈለግሽ ከአስኳላው አታጪኝም። ካልፈለግሽ ደግሞ ያን ቀን አጥሩን አልፈሽ ስትሄጂ ባየሽ ይበቃኛል።

እግዚአብሔር በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። ትምህርትሽን ፈጽሚ። የአባትሽ ዕውቀት በአንቺ ላይ ይደር፣ የእኔ ነገር ከአንቺ ይራቅ። ልጅ ስትወልጂ የምትናገሪውን በግልጽ ንገሪያት፣ አይገባሽም አትበያት።

ስሜን መጻፍ እችላለሁ፤ አስራ አንዱም ደብዳቤ ላይ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ግን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት የማኅተም ቀለም ለምኜ አመጣሁ። አቶ ጌጡ ዘንድ ካለው ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ እዪው።

እናትሽ፣

(የቀኝ እጅ አውራ ጣት)